የስኳር ሕመምተኛው ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው የእንቅስቃሴ ዐቅም

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በሕይወት ወጥቶ ቁስሉ መጠገግ ሲጀምር፣ ቤተ ዘመዱ «ተመስገን፣ አለፈ» ይላል። ለሐኪሙ፣ ለነርሷና ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ግን የሥራው እኩሌታ ገና አልተነካም። ምክንያቱም ቀዶ ሕክምናው የጠበበውን የደም መንገድ ይተካል እንጂ፣ በሕመምና በመኝታ የሟሸሸውን ጡንቻ፣ ያጠረውን ትንፋሽና በፍርሃት የታሰረውን እርምጃ አይመልስም። ይህን የሚመልሰው በልክ የታዘዘና ደረጃ በደረጃ የሚያድግ የአካል እንቅስቃሴ ነው።

በዚህ በሁለተኛው የሥራ ክፍል ከሌላው ሕመምተኛ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ነው። ከጎኑ ከሚራመደው ባልንጀራው ቀድሞ ይደክማል፤ ላቡ ሳይታሰብ ይፈሳል፤ ከሳምንታት ልምምድ በኋላ የሚያሳየው መሻሻልም ብዙ ጊዜ አነስተኛ ይመስላል። ከዚህም የተነሣ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ሲፈጸሙ ይታያል። አንደኛው «ዐቅም የለውም፤ ቢያርፍ ይሻለዋል» ብሎ መተው ነው። ሁለተኛው «ሰንፎ ነው» ብሎ ለሌላው በተለካው ልክ ማስኬድ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱም አካሄዶች ትክክል አለመሆናቸውን ማስረዳት ነው። የስኳር ሕመምተኛው የእንቅስቃሴ ዐቅም ማነስ የክልከላ ምክንያት ሊሆን አይገባውም፤ ይልቁንም ሌላ መለኪያ እንዲፈለግለት የሚያመለክት የምርመራ ውጤት ነው።

በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ማስታወስ ይገባል።

1. ከአልጋ ወደ እርምጃ

እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰበት ሰው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይነሣ ይታዘዝ ነበር። በ1952 የቦስተኖቹ ሐኪሞች ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን ሕመምተኛውን ቀደም ብሎ ከአልጋ አውርዶ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚቻል ሲጽፉ፣ ሐሳባቸው በዘመኑ ከነበረው ልማድ ጋር የሚጋጭ ነበር። በ1964 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ስለ ልብና የደም ሥር ሕሙማን ተሐድሶ ሪፖርት አወጣ።

የመኝታን ጉዳት በግልጽ ያሳየው በ1966 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ የተደረገው ጥናት ነው። አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደርገው ሲመረመሩ፣ በብርቱ እንቅስቃሴ ጊዜ ሊጠቀሙበት የሚችሉት የኦክስጅን መጠን ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። እነዚሁ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደ ገና ተመርምረው፣ የ30 ዓመት ዕድሜ በዐቅማቸው ላይ ያደረሰው ጉዳት የዚያን የሦስት ሳምንት መኝታ ያህል እንኳ እንዳልሆነ ታውቋል። ጤነኛውን ወጣት እንዲህ ያደረገ መኝታ፣ ደረቱ የተከፈተውንና ስኳር ያለበትን የስድሳ ዓመት ሰው ምን ሊያደርገው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በስኳር በሽታ በኩል ያለውም ታሪክ ከዚህ ጋር ይገናኛል። ኢንሱሊን በጥር ወር 1922 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ከተሰጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ራሱም የስኳር ሕመምተኛ የነበረው የለንደኑ ሐኪም ሮበርት ሎረንስ የአካል እንቅስቃሴ የኢንሱሊንን ኀይል እንደሚያበረታ በ1926 ጽፏል። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ የጥቅሙም የአደጋውም ምንጭ ሆኖ ይኖራል።

በ1967 አርጀንቲናዊው ቀዶ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከእግር በተወሰደ ደም መልስ የልብን የጠበበ ደም ቅዳ የመተካት ቀዶ ሕክምና ከጀመረ በኋላ፣ ይህ ሕክምና በዓለም ተስፋፋ። የስኳር ሕመምተኞችን በሚመለከት ወሳኙ ማስረጃ የመጣው በ1995 ነው። ባሪ በተባለው የአሜሪካ ጥናት ውስጥ በመድኃኒት ይታከሙ ከነበሩት የስኳር ሕመምተኞች መካከል፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 80.6 በመቶ፣ የደም ሥራቸው በፊኛ ከተከፈተላቸው ግን 65.5 በመቶ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በ2012 የወጣውና 1900 ያህል ሕሙማንን ያካተተው ፍሪደም የተባለው ጥናትም፣ የፊኛው ሕክምና መድኃኒት በተቀባ መደገፊያ ሽቦ ከተሻሻለ በኋላ እንኳ ብዙ የደም ሥሮቻቸው ለጠበቡባቸው የስኳር ሕመምተኞች ቀዶ ሕክምናው እንደሚበልጥ አረጋግጧል። እንግዲህ የስኳር ሕመምተኛው ወደ ተሐድሶው ክፍል የሚመጣው በአጋጣሚ አይደለም። ሳይንሱ ራሱ ወደ ቀዶ ሕክምናው ስለ መራው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ማዘጋጀትም ግዴታ ሆኗል።

2. ዐቅሙ ለምን ያንሳል?

ሰው በተንቀሳቀሰ ጊዜ ኦክስጅን ከሳንባ ተነሥቶ፣ በልብ ተገፍቶ፣ በደም ሥር ተጉዞ ወደ ጡንቻ ይደርሳል። የስኳር በሽታ ይህን መንገድ በአንድ ቦታ ብቻ የሚያውከው ቢሆን ኖሮ ቀዶ ሕክምናው ነገሩን ሁሉ ባስተካከለ ነበር። የሚያውከው ግን በብዙ ቦታ ነው።

በመጀመሪያ የልብ ጡንቻ ራሱ ይደነድናል። ደምን ለመግፋት ባይሰንፍም፣ በእረፍቱ ጊዜ ተለጥጦ ደም መቀበል ያቅተዋል። በፍራሚንግሃም ከተማ የተካሄደው የረጅም ጊዜ ጥናት በ1974 እንዳሳየው፣ የስኳር በሽታ የልብ ድካም የመከሰት ዕድልን በወንዶች ላይ ከእጥፍ በላይ፣ በሴቶች ላይ ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል ያሳድጋል። ሁለተኛ፣ የደም ሥሮች የውስጥ ገበር በእንቅስቃሴ ጊዜ እንደሚገባ ዘና አይልም፤ ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ትልቁን መንገድ ቢከፍትም ጥቃቅኖቹ እንደ ጠበቡ ይቀራሉ። ሦስተኛ፣ ጡንቻው የደረሰውን ኦክስጅንና ስኳር በሚገባ አይጠቀምበትም። አራተኛ፣ የልብን ትርታና የደምን ግፊት የሚቆጣጠሩት ነርቮች ይጎዳሉ።

በዚህ ሁሉ ላይ የቀዶ ሕክምናው ጣጣ ይጨመራል። የደም ማነስ፣ የደረት ሕመም የሚያስከትለው አጭር ትንፋሽ፣ የእግር እብጠት፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐዘን የሚመስል የመንፈስ መቀዝቀዝ ከሁሉም ሕሙማን ላይ ይታያሉ። ኩላሊቱ የተጎዳ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ የደም ማነሱ የበለጠ ይዘገያል።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ በተለይ ሊተኮርበት ይገባል። በኮሎራዶ ጁዲዝ ሬገንስታይነርና ባልደረቦቿ በ1990ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው ሴቶች እንቅስቃሴ ሲጀምሩ የኦክስጅን አጠቃቀማቸው ቀስ ብሎ እንደሚያድግ ታይቷል። የዚህ ትርጉም ቀላል ነው። ሕመምተኛው የሚደክመው በመጨረሻው ሰዓት ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችም ነው። ለሌላው አምስት ደቂቃ የሚበቃው ማሟሟቂያ፣ ለእርሱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሊያስፈልገው ይችላል። ገና በሁለተኛው ደቂቃ «ደከመኝ» ያለውን ሰው ማስቆም ወይም መገሠጽ ሳይሆን፣ እርምጃውን አዝግሞ ጡንቻው እስኪነቃ መጠበቅ የተሻለ ነው።

መሻሻሉስ? በ2004 በፈረንሳይ የወጣ ጥናት በተሐድሶ ላይ የነበሩ የስኳር ሕመምተኞች ዐቅማቸው ቢጨምርም ጭማሪው ስኳር ከሌለባቸው ሕሙማን ያነሰ መሆኑን፣ እንዲሁም የደም ስኳራቸው ከፍ ያለባቸው ሰዎች ያገኙት ጥቅም ይበልጥ እንዳነሰ ገልጿል። ይህን ውጤት አንዳንዶች ለተስፋ መቁረጥ ይጠቅሱታል። ነገር ግን ከሌላ ማስረጃ ጋር ተያይዞ መታየት አለበት። ጆናታን ማየርስና ባልደረቦቹ በ2002 ለእንቅስቃሴ ምርመራ የተላኩ 6213 ወንዶችን ተከታትለው፣ የእንቅስቃሴ ዐቅም በአንድ ሜት ከፍ ባለ ቁጥር በሕይወት የመቆየት ዕድል በ12 በመቶ እንደሚሻሻል አሳይተዋል። አንድ ሜት ማለት ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ የሚጠቀምበት የኦክስጅን መጠን ነው፤ ይኸውም በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በደቂቃ 3.5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ጥናቱ ስለ ስኳር ሕመምተኞች ብቻ የተደረገ ባይሆንም ትምህርቱ ለእነርሱም ይጠቅማል። የስምንት ሜት ዐቅም ላለው ሰው አንድ ሜት መጨመር ከስምንት አንድ እጅ ነው። አራት ሜት ብቻ ላለው ግን የዐቅሙ ሩብ ነው። ደረጃ ለመውጣት የሚበቃና የማይበቃ፣ ራሱን ችሎ ለመኖርና ላለመኖር ድንበር የሚሆነውም በዚህ አካባቢ ያለው ልዩነት ነው።

3. የልብ ትርታ ምስክርነት

በተሐድሶ ሥራ ላይ የእንቅስቃሴውን ልክ በልብ ትርታ መወሰን የተለመደ ነው። ለስኳር ሕመምተኛው ግን ይህ ምስክር ሁልጊዜ አይታመንም። የልቡ ነርቮች የተጎዱበት ሰው ተቀምጦ ሳለ ልቡ በደቂቃ ከመቶ በላይ ሊመታ፣ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ብዙም ላይጨምር ይችላል። በዚህ ላይ ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች ትርታውን ያቀዘቅዙታል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ከሦስት ሕሙማን አንዱን ያህል የልብ ምት መዛባት ያጋጥመዋል። እንግዲህ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የሚገኘውን ቁጥር ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መመሪያ ማድረግ ልክ አይሆንም።

ከዚህ የከፋው የሕመም ስሜት መጥፋት ነው። ሌላው ሕመምተኛ ልቡ ደም ሲያንሰው ደረቱን ይጨመድደዋል፤ ይቆማል። ነርቩ የተጎዳው ግን ምንም ላይሰማው ይችላል። ለእርሱ የደረት ሕመም ቦታ ላይ የሚቆሙት ሌሎች ምልክቶች ናቸው፤ ትናንት በቀላሉ የተራመደውን ዛሬ ያለ ምክንያት መቸገር፣ ከሥራው ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር፣ ቅዝቃዜ ያለው ላብ፣ ማቅለሽለሽ። ስለዚህ «አመመህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ከትናንቱ ምን ተለየብህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የነርቩን ጉዳት ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። በኤዲንብራ ኢዊንግና ክላርክ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፏቸው የአልጋ ዳር ምርመራዎች በኤሌክትሮካርዲዮግራምና በደም ግፊት መለኪያ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ሕመምተኛው በደቂቃ ስድስት ጊዜ በጥልቀት እንዲተነፍስ አድርጎ የትርታው መፍጠንና መዘግየት ይለካል፤ ከተኛበት ሲነሣም የደም ግፊቱ ይታያል። ላይኛው የደም ግፊት 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ሰውየው ከእንቅስቃሴ በኋላ በድንገት እንዳይቆም፣ ማቀዝቀዣውም ረዘም እንዲል ማድረግ ይገባል።

ትርታው ካልታመነ በምን ይለካ? ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጉናር ቦርግ ከ6 እስከ 20 የሚደርስ የድካም ስሜት ሚዛን አበጅቷል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመምተኛው ከ11 እስከ 13 ባለው ውስጥ ቢቆይ፣ ማለትም «ቀላል ነው» ከሚለውና «ትንሽ ይከብዳል» ከሚለው መካከል ቢሆን መልካም ነው። ቁጥር ለማያውቅ ሰው ደግሞ ንግግር ይበቃዋል። እየተራመደ ማውራት ከቻለና መዝፈን ካቃተው ልኩ ደርሷል፤ ማውራትም ካቃተው አልፏል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሕሙማን በአንድ ሳምንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ተሐድሶ መጡ እንበል። የመጀመሪያው ስኳር የሌለበት ሲሆን በስድስት ደቂቃ 340 ሜትር ይራመዳል። ሁለተኛው አሥራ አምስት ዓመት በስኳር የኖረ መምህር ሲሆን 240 ሜትር ላይ ይቆማል። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያው 440፣ መምህሩ 300 ደረሱ። ጎን ለጎን ሲታዩ መምህሩ ከባልንጀራው መነሻ ላይ እንኳ አልደረሰም። ከራሱ መነሻ ጋር ሲታይ ግን የእርምጃውን ሩብ ጨምሯል፤ ይህም ሕሙማን በኑሯቸው ላይ ለውጥ መኖሩን የሚያውቁበት ነው ከሚባለው ከ30 ሜትር ያህል እጥፍ ይሆናል። ያለፈውን ትቶ ባልንጀራውን የሚያይ መዝገብ ይህን ሰው «አልተሻሻለም» ብሎ ይጽፈዋል። እንዲህ የተባለ ሰው ደግሞ ሦስተኛውን ወር አይመጣም።

4. ስኳሩና እንቅስቃሴው

ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም የሚያስገባባቸው በሮች ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ይከፈታሉ። የእንቅስቃሴው ትልቅ ጥቅም ይህ ነው። ጥቅሙ ከአንድ ቀን እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቅረት አይመከርም። አደጋውም ከዚሁ በር ይገባል። በደም ውስጥ የተወጋ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኢንሱሊን የሚያስመነጭ ኪኒን ካለ፣ ሁለቱ ተደርበው ስኳሩን ከልክ በታች ያወርዱታል። ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን የሚያደርገው እምብዛም ነው።

በተሐድሶ ጊዜ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ሰውነት በጭንቀት ላይ ስለሆነ የደም ስኳር ይንራል፤ የኢንሱሊኑም መጠን ከፍ ብሎ ይታዘዛል። ሳምንታት ሲያልፉ ጭንቀቱ ይበርዳል፤ እንቅስቃሴውም ይጨምራል። ያ የመጀመሪያው መጠን ግን ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ላይ እንደ ተጻፈ ይቆያል። ከሆስፒታል ሲወጣ ልክ የነበረው መድኃኒት በአራተኛው ሳምንት ከልክ በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በልምምድ ቦታ ስኳሩ የወረደበትን ሰው «ምን ሳትበላ መጣህ?» ከማለት በፊት መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪም መጠኑን እንዲመረምር ማስታወቅ ይገባል።

ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ስኳሩ ይለካል። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ እንቅስቃሴው ቀርቶ ስኳሩ ይታከማል። ኢንሱሊን ወይም ኢንሱሊን አስመንጪ ኪኒን የሚወስድ ሰው ከ90 እስከ 100 ካለው ልክ በታች ከሆነ ከ15 እስከ 30 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ይወስዳል። ከ250 በላይ ሆኖ በሽንት ወይም በደም ኬቶን ከተገኘ እንቅስቃሴው ይከለከላል፤ ስኳሩን ይብሱን ያንረዋልና። ሊራመድ ባሰበበት እግር ላይ ኢንሱሊን መውጋትም ተገቢ አይደለም። ለአደጋ ጊዜ በውኃ የተበጠበጠ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከልምምዱ ቦታ መታጣት የለበትም።

ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ እጁ ላይንቀጠቀጥ፣ ልቡም ላይደልቅ ይችላል። ላቡ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ከሥራው መጠን በላይ ያላበውን ሰው ወዲያውኑ መለካት ያስፈልጋል። እንዲሁም ስኳር መውረድ ልምምዱ ካበቃ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሌሊት ጭምር ሊመጣ ስለሚችል ልምምዱን ከማታ ይልቅ በቀን ማድረግ ይመረጣል። እንደ ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉት፣ ስኳርን በሽንት በኩል የሚያስወግዱት አዳዲስ መድኃኒቶች ለልብ ጠቃሚ ቢሆኑም፣ የደም ስኳር ብዙም ሳይንር የኬቶን መመረዝ ሊያስከትሉ ይችላሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይበላ ውሎ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመምና ጥልቅ ትንፋሽ ከታየበት የስኳሩ ቁጥር መልካም ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም።

5. ደረት፣ እግርና ዓይን

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተሰነጠቀው የደረት አጥንት በሽቦ ታስሮ ለመጋጠም ስምንት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በስኳር ሕመምተኛው ላይ ይህ ቁስል የመመርቀዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በ1999 በአሜሪካ በፖርትላንድ የወጣ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኢንሱሊን ያለማቋረጥ በደም ሥር በመስጠት ጥልቅ የደረት ቁስል መመርቀዝን ከ2.0 ወደ 0.8 በመቶ ማውረድ እንደሚቻል አሳይቷል። ስኳርን መቆጣጠርና ልምምድ ማድረግ ተለያይተው የሚታዩ ሥራዎች እንዳልሆኑ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ያልጠገገ ደረት ያለው ሰው ክንዱን ሊያሠራ አይችልምና። ደረቱ ውስጥ የመንቋቋት ስሜት፣ አዲስ ፈሳሽ ወይም ትኩሳት ከታየ ልምምዱ ቆሞ ቀዶ ሐኪሙ ማየት አለበት።

ክንድን ፈጽሞ አስሮ ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም። ክንዶችን ወደ ጎን አስጠግቶ በልክ ማንቀሳቀስ ትከሻ እንዳይደርቅ ይረዳል። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ደግሞ ቀለል ያለ ክብደት ማንሣት ይጨመራል፤ የስኳር ሕመምተኛው ያጣው ጡንቻ ስለሆነ በእርምጃ ብቻ አይመለስም። የዓይኑ ሬቲና በበሽታው በብርቱ የተጎዳ ሰው ግን ትንፋሹን ይዞ ማማጥና ከባድ ማንሣት የለበትም።

እግርን በሚመለከት፣ በፊትና በኋላ መመልከት የልምምዱ አንድ ክፍል ነው። የ10 ግራም ክር ሲነካው የማይሰማው ሰው በጠባብ ጫማ ውስጥ ያለችውን ጠጠር አያውቃትም። ደም መልስ የተወሰደበት እግር ስለሚያብጥ ትናንት ልክ የነበረው ጫማ ዛሬ ይቆርጣል። ቁስል ከተገኘ ልምምዱ አይቀርም፤ በመቀመጫ ላይ ሆኖ በሚሠራ እንቅስቃሴ ይለወጣል።

6. በሀገራችን ሁኔታ

በኢትዮጵያ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያሻቸው ብዙዎቹ በቁርጥማት ትኩሳት የልባቸው በር የተጎዳ ወጣቶች ናቸው። የደም ቅዳ መተካት የሚያስፈልገው ጎልማሳና አዛውንት የስኳር ሕመምተኛ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ሀገር ሄዶ፣ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎለት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። ያ ወረቀት የተጻፈው ምናልባት በባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ስትሆን፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚያ በቀላሉ የተራመደ ሰው እዚህ ቢያለከልክ የግድ ሕመሙ አገርሽቶበታል ማለት አይደለም፤ ግን በግምት መታለፍም የለበትም። ተመርምሮ፣ ዐቅሙ በዚሁ በደጋው አየር እንደ ገና ተለክቶ፣ ያ አዲሱ ቁጥር መነሻው ይሆናል። ዳገት የበዛበት ሰፈር ነዋሪም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳ መንገድ ይመረጥለታል።

ጾምም ሊታሰብበት ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ወይም በረመዳን እስከ ማታ የማይቀምስ ሰው ልምምዱ ከምግብ በኋላ እንዲሆን፣ መድኃኒቱም እንዲስተካከል ማድረግ ያሻል። ለሕመምተኛ ስለሚሰጠው ፈቃድ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት አዋቂው ጋር እንዲመካከር መንገር ከሐኪሙ ይጠበቃል። ስግደት ክንድን ተደግፎ መውደቅና መነሣት ስለሆነ ለደረቱም፣ ቀና ሲል ለሚወርደው የደም ግፊትም አስቸጋሪ ነው፤ አጥንቱ እስኪገጥም በመቀመጥ ወይም በጥቂት ጎንበስ ማለት ሊተካ ይችላል። እንዲሁም ሊጥ ማቡካት፣ እንስራ ማንሣትና ከባድ ምጣድ መግፋት «የቤት ሥራ ብቻ» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። ሴት ሕመምተኛ በግልጽ ካልተነገራት በሁለተኛው ሳምንት ወደ እነርሱ ትመለሳለች።

ቤተሰብ ደግሞ ከፍቅር የተነሣ ያስተኛል። ጠያቂ ሲመጣ አጥሚት፣ ማርና ለስላሳ ይቀርባል፤ ሕመምተኛው ቢነሣ «ኧረ ተቀመጥ» ይባላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንድ የቤተሰብ ሰው በልምምዱ ላይ ተገኝቶ ሲራመድ እንዲያይ፣ የስኳር መውረድን ምልክቶችም እንዲያውቅ ማድረግ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ታላቅ አዳራሽ አይደለም። ሠላሳ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ መተላለፊያ፣ ሁለት ወንበር፣ ሰዓት፣ የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ፣ በአቅራቢያ ያለ ኤሌክትሮካርዲዮግራምና ለድንገተኛ አደጋ የሠለጠነ ሰው ካሉ ሥራው ሊጀመር ይችላል።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተነገረው ሦስት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ የስኳር ሕመምተኛው ዐቅም የሚያንሰው በልቡ፣ በደም ሥሩ፣ በጡንቻውና በነርቩ ውስጥ ባለ ምክንያት ስለሆነ፣ በስንፍና መተርጎሙ ሕመምተኛውንም ሥራውንም ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ልኩ ከልብ ትርታ ይልቅ በትንፋሹ፣ በድካም ስሜቱና ከትናንቱ በታየው ልዩነት መወሰን አለበት። ሦስተኛ፣ መሻሻሉ የሚለካው ከራሱ መነሻ ነው።

ስለዚህ በየሥራ ቦታው በእያንዳንዱ ሕመምተኛ ካርድ ላይ ከትርታውና ከደም ግፊቱ ጎን አራት ነገሮች ቢጨመሩ መልካም ይሆናል፤ ከልምምዱ በፊትና በኋላ ያለው የደም ስኳር፣ የድካም ስሜቱ ቁጥር፣ የእግሩ ሁኔታ፣ በመጀመሪያው ቀን የተራመደው ርቀት። የመጨረሻው ቁጥር በየጊዜው ለሕመምተኛው ቢነበብለት የሚሰጠው ብርታት ቀላል አይደለም። በየዓመቱ ስብሰባ ላይም እነዚህ ካርዶች ተሰብስበው ቢጠኑ፣ በደጋ ሀገር፣ በጾምና በራሱ ኑሮ መካከል ስለሚያገግመው የስኳር ሕመምተኛ ከውጭ ጥናቶች ሊገኝ የማይችል ዕውቀት ይገኛል። የማኅበሩ አባላት ይህን ሥራ እንደሚጀምሩት ተስፋ ይደረጋል።